ደቃቁንም ፊደል እናንብብ

አንድ ገበሬ ለነጋዴ እህል ሸጠ እንበል። ነጋዴው የውል ወረቀት አመጣ። ከላይ በጉልህ ፊደል «10 ኩንታል ጤፍ ሸጫለሁ» ይላል። ዋጋውም ተጽፏል። ገበሬው ይህን አነበበ፤ ደስ አለው፤ ፈረመ።

ከግርጌ ግን በደቃቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «እህሉን እስከ ገዢው መጋዘን አደርሳለሁ። ለዘገየሁበት ቀን ሁሉ በኩንታል 50 ብር መቀጫ እከፍላለሁ።»

ዝናብ ጣለ። እህሉ 2 ቀን ዘገየ። እስቲ አብረን እናስላ። 50 ብር በ10 ኩንታል ሲባዛ 500 ብር ነው። የ2 ቀኑ 1,000 ብር ሆነ!

ደቃቁም ጽሑፍ ውል ነው። እንደ ጉልሁ ያስገድዳል። መቀጫው፣ ወለዱ፣ ቀነ ገደቡ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 1728፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ጋሻ ሰጥቶታል። የጣት ምልክቱ በአዋዋይ ሹም ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። እናንተ ግን ዛሬ ማንበብ ችላችኋል። ይህ ጋሻ ለእናንተ የለም። የእናንተ ጋሻ ዓይናችሁ ነው።

ስለዚህ፦
ወረቀቱን እስከ ግርጌው፣ ጀርባውንም ገልብጣችሁ አንብቡ።
ያልገባችሁን ቃል ሳትፈርሙ ጠይቁ።
ባዶ ቦታ ካለ በመስመር ዝጉት።
አንዱን ቅጂ ቤታችሁ አስቀምጡ።

ነጋዴው «ቶሎ በል፣ መሸ» ቢልስ? «ነገ እፈርማለሁ» በሉት።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ሳይነበብ የተፈረመ ግን ያስወርሳል።