ቁጥር 11ን ለጥፈን ቁጥር 10ን የዘለልን

የተመረቅኩ ቀን ፎቶዬ ስር የጻፍኩት «ኤርምያስ 29፥11» ብቻ ነበር። ቃሉን መጻፍ አላስፈለገኝም፤ ሁሉም ያውቀዋል። አብረውኝ ጋዋን ለብሰው ፎቶ ከተነሱት ብዙዎቹም ይህንኑ ለጥፈዋል። አጭር ነው፣ ስለ ሰላምና ስለ ተስፋ ነው፣ በቃ ለስታተስ የተሠራ ይመስላል።

ከዚያ ሥራ ፍለጋው መጣ። ወራት አለፉ። አንድ ማታ ዳታዬ አልቆ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን የመጽሐፍ ቅዱስ አፕ ከፈትኩና ያቺን ጥቅስ ፈለግኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይዋ ያለችውን ቁጥር 10ንም አነበብኩ። 70 ዓመት ትላለች። ሰባ! የተስፋው ቃል የተነገራቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሳያዩት እንደሚሞቱ ቁጥሩ ራሱ ይነግራችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ያዘ። ንጉሡን ኢኮንያንን፣ ሹማምንቱንና የእጅ ባለሙያዎቹን ወደ ባቢሎን አጋዘ። ይህን የሚናገረው መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ አይደለም። የባቢሎናውያን ዜና መዋዕል የከተማዋን መያዝ መዝግቧል፤ በባቢሎን በቁፋሮ የተገኙ የሸክላ ጽሑፎችም ለይሁዳ ንጉሥ የሚሰፈርለትን ዘይት ይቆጥራሉ። ምዕራፍ 29 ኤርምያስ ለእነዚህ ግዞተኞች የላከው ደብዳቤ ነው። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ አግቡ፣ ውለዱ፣ ለምትኖሩባት ከተማም ጸልዩ ይላቸዋል። የእሷ ሰላም የእናንተም ሰላም ነውና።

በዚያው ሰሞን ሐናንያ የሚባል ሌላ ነቢይ ነበር። እሱ ያለው 2 ዓመት ነው። በሁለት ዓመት ሁሉም ነገር ይመለሳል አለ። እውነቱን እንነጋገር፤ ዛሬ ቢሆን ብዙ ላይክ የሚያገኘው ማን ነው? እኔ ራሴ ለሐናንያ ነበር ሼር የማደርገው።

ግን ፍርዱ ለምን መጣ? ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እኔን የያዘኝ ምዕራፍ 34 ነው። የባቢሎን ጦር ከተማዋን ሲከብ፣ ንጉሥ ሴዴቅያስና ሀብታሞቹ ቃል ኪዳን ገብተው ዕብራውያን ባሪያዎቻቸውን ነጻ አወጡ። ሕጉ በሰባተኛው ዓመት ልቀቁ ይል ነበር፤ ለዓመታት ዘንግተውት ኖረው ጭንቅ ሲመጣ ትዝ አላቸው። ከዚያ የፈርዖን ጦር ከግብፅ ወጣ ሲባል ባቢሎናውያን ለጊዜው ከበባውን ትተው ሄዱ። ሀብታሞቹስ? የለቀቋቸውን ሰዎች መልሰው ባሪያ አደረጓቸው።

ኤርምያስ በዚህ ላይ የተናገረው መራራ ነው። ለወንድሞቻችሁ ነጻነት ስላላወጃችሁ፣ ለእናንተ የሚታወጀው ነጻነት ለሰይፍ፣ ለቸነፈርና ለረሃብ ነው አላቸው። እኔ የእግዚአብሔር ፍርድ ሲባል እሳትና መብረቅ ነበር የሚታየኝ። እዚህ ግን ክሱ በጣም ምድራዊ ነው፤ የሰው ጉልበት፣ የተበላ ቃል፣ ደካማው ላይ የተሠራ ግፍ።

ከዚያ ምዕራፍ 32 አለ። ከበባው እንደገና ጠንክሯል፣ ኤርምያስ በዘበኞች አደባባይ ታስሯል። የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ ግዛኝ አለው። ዓናቶት ከኢየሩሳሌም ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች መንደር ናት፤ ከግንቡ ውጭ ያለውን ምድር ደግሞ ጠላት ይዞታል። እንዲህ ያለ መሬት ዋጋው ስንት ነው? የትኛውም አስተማሪዬ ዜሮ ይለኝ ነበር። ኤርምያስ ግን 17 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ (ብር ስል ማዕድኑን ነው፤ 200 ግራም ገደማ ይሆናል)። ውሉን አስፈረመ፣ ምስክር አቆመ፣ ጸሐፊው ባሮክም ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አኖረው። ከተማዋ ትጠፋለች እያለ የሚጮኸው ሰውዬ ራሱ ነው መሬት የገዛው! ለእሱ ፍርድና መዳን የሚጣሉ ነገሮች አልነበሩም። ከተማዋ መውደቋ አይቀርም፤ መሬት የሚገዛበትና የሚሸጥበት ቀንም ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ሁለቱንም አምኖ ነው ከኪሱ ያወጣው።

በመጨረሻም የእኛ ሰው። ኤርምያስ እጃችሁን ስጡና ትተርፋላችሁ በማለቱ ሹማምንቱ ወታደሩን አዳከመ ብለው ጭቃ ወዳለበት ጉድጓድ ጣሉት። ያወጣው የቤተ መንግሥቱ አገልጋይ አቤሜሌክ ነው። ዕብራይስጡ ኩሻዊ፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኢትዮጵያዊ ይለዋል። ንጉሡ ፊት ቀርቦ ይህ በደል ነው አለ፤ ከዚያ አሮጌ ጨርቅ ሰብስቦ አወረደለት፣ ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው። ከተማዋ ስትወድቅ በስሙ እንደሚተርፍ ቃል የተገባለት ይህ መጻተኛ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው ተረፈ ባሮክ ደግሞ በለስ እንደያዘ 66 ዓመት ተኝቶ ጥፋቱን ሳያይ እንዳለፈ ይተርክልናል።

እኔ ሥራ ያገኘሁት ቆይቶ ነው፤ እሱም ቋሚ አይደለም። ቁጥር 11ን አሁንም እወዳታለሁ። አሁን ግን ለጓደኛዬ ስልክላት ብቻዋን አልልካትም። ሰባው ዓመት ይኑርበት፣ የተለቀቁት ባሪያዎች ይኑሩበት፣ አሮጌው ጨርቅም ይኑርበት። ስታተስ ላይ አይበቃም፣ አውቃለሁ። ግን ተስፋዋን ያመንኳት ከነጎረቤቶቿ ካነበብኳት በኋላ ነው።