«ደች» የሚለው ቃል ስንት ትርጉም አለው?

ፊደል ቆጥሮ ንባብ የጀመረ ሰው ቀጥሎ የሚገጥመው ጥያቄ «ቃሉ እዚህ ቦታ ምን ማለት ነው?» የሚል ነው። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን ዛሬ «ደች» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንመለከታለን።

ደች ማለት የሆላንድ ሰው ወይም የሆላንድ ቋንቋ ነው። በ1946 ዓ.ም. ማምረት የጀመረውን የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ያቋቋመው ኩባንያ የነዚሁ ሰዎች ነበር። የቃሉ ሥር «የሕዝብ» ማለት ሲሆን፣ ጀርመኖች ለራሳቸው የሚሉት «ዶይች» ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። እንግሊዞችም ቀድሞ ሁለቱንም ሕዝቦች ደች ይሏቸው ነበር። አሜሪካ ውስጥ «የፔንሲልቫንያ ደች» የሚባሉት የጀርመንኛ ተናጋሪዎች ዘሮች ናቸው እንጂ ሆላንዶች አይደሉም።

ታዲያ ይህ ስም እንዴት መሳለቂያ ሆነ? እንግሊዝና ሆላንድ በባሕር ንግድ ተቀናቃኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1652 እስከ 1674 ድረስ ሦስት ጊዜ ተዋጉ። በ1667 የሆላንድ መርከቦች በሜድዌይ ወንዝ ገብተው የእንግሊዝን የጦር መርከቦች አቃጠሉ። ጠላት ደግሞ በቃልም ይወጋልና፣ የተናቀ ነገር «ደች» ይባል ጀመር። ጦርነቱ ቢያበቃም ልማዱ አልቀረም፤ አሁን የምንዘረዝራቸው አባባሎች ብዙዎቹ በጽሑፍ የታዩት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

«የደች ጀግንነት» ሲባል ሰው ጠጥቶ የሚያገኘው ድፍረት ነው። «የደች አጎት» ዘመድ አይደለም፤ ሳያለሳልስ ፊት ለፊት የሚገሥጽ ሰው ነው። «ድርብ ደች» ሰሚው ምንም የማይገባው ንግግር ነው። ወዳጃችሁ ምግብ ቤት ውስጥ «ደች እንሂድ» ቢላችሁ ደግሞ ሆላንድ ድረስ ሊወስዳችሁ አይደለም፤ የየራሳችንን ሒሳብ እንክፈል ማለቱ ነው። ይጋብዘኛል ብሎ ባዶ ኪሱን የሄደ ሰው እንግዲህ ጉዱ ፈላ!

«የደች ሐራጅ» ግን በእውን ያለ አሠራር ነው። ዋጋው ከፍ ብሎ ይጀምርና እየወረደ ይሄዳል፤ ቀድሞ ያስቆመው ይገዛል። በሆላንድ አልስሜር አበባ የሚሸጠው በዚህ ዓይነት ነው። ከኢትዮጵያ የሚላክ ጽጌረዳም እዚያ ይሸጣል።

እንግዲህ አድማጮች፣ ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ አባባልን በሙሉ ፍቱት እንጂ ቃል በቃል አትበትኑት። ሁለተኛ፣ አባባል በሕዝብ ጠባይ ላይ ምስክር አይሆንም። ሆላንዱን ፈሪና ስስታም ያሰኘው የጥንት ተቀናቃኙ አፍ ነው። በቋንቋችን ውስጥ ጎረቤትን የሚነካ አባባል ስትሰሙም «ይህን ማን አለው? ለምን አለው?» ብላችሁ ጠይቁ።

በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።