አሮጌ ፖርሽ አድሶ መሸጥ፦ ተረቱና እውነታው

ብዙ ሰው በልቡ የያዘው ስሌት ይህ ነው፦ ቀለሟ የደበዘዘ፣ ወንበሯ የተተረተረ፣ ለዓመታት ጋራዥ ውስጥ የቆመች ፖርሽ 911 በቅናሽ ትገዛለች፤ ላሜራዋ ተቀጥቅጦ አዲስ ቀለም ትቀባለች፤ ሞተሯ ወርዶ ይታደሳል፤ ሰፋ ያለ ጎማ ይገባላታል፤ ከዚያ የወጣባት ገንዘብ ከነትርፉ ይመለሳል። ስሌቱ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። በ1963 የፍራንክፈርት አውደ ርዕይ ላይ ከታየው የመጀመሪያው ሞዴል አንስቶ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ምርቱ እስከቆመበት 1998 ድረስ የተሠሩት፣ ሞተራቸው ያለ ውሃ በአየር የሚቀዘቅዝ 911ዎች ዋጋቸው በእጅጉ መናሩ እውነት ነው። ዳግም አይመረቱም፤ ፈላጊያቸው ግን አልቀነሰም። ሆኖም ከዋጋው መናር ተነስቶ «የለፋሁባትን ያህል ይከፈለኛል» ማለት ሌላ ነገር ነው። ገዢ ለድካም አይከፍልም፤ የሚከፍለው ሊያረጋግጠው ለሚችለው ነገር ነው። በዚህ ሥራ ዙሪያ የሚወሩት ተረቶች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

«ራዲያተር የለው፣ ውሃ የለው፣ ምኑ ይበላሻል?» የሚለው አነጋገር ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ በአዲስ አበባ መንገዶች ለአስርት ዓመታት የተመላለሰችው ቮልስ ያስለመደችን ነው። ዝምድናውም አለ፦ በ1948 ብቅ ያለው የመጀመሪያው የፖርሽ መኪና 356 ብዙ ዕቃውን የወሰደው ከቮልስዋገን ነበር። የ911 ሞተር ግን ሁለት ሲሊንደር የተጨመረባት ቮልስ አይደለም። ትልቁ ፋን በስድስቱ ሲሊንደሮች ላይ አየር ቢነፋም፣ ከሙቀቱ ትልቅ ድርሻ ተሸክሞ የሚያወጣው ዘይቱ ነው። 10 ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ዘይት ይይዛል፤ ዘይቱ የሚጠራቀመውም ከሞተሩ ሥር ሳይሆን ለብቻው በተሠራ ታንክ ውስጥ ነው። መጠኑ የሚለካው ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ እየሠራ፣ መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆማ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጠዋት በቀዝቃዛው ይለካና «ዘይት ጎድሏል» ብሎ ይጨምራል፤ የተረፈው ዘይት ወደ አየር ማስገቢያው ይሄድና መኪናዋ ትጨሳለች፤ ሊገዛ የመጣው ሰውም «ሞተሯ አልቋል» ብሎ ይመለሳል። ምንም ያልነካት መኪና በአንድ ሊትር ዘይት ስሟ ይጠፋል።

በእርግጥ የሚበላሽ ነገርም ሞልቷል፤ ደግሞ እንደ ዘመኑ ይለያያል። ፋብሪካው ከ1968 ጀምሮ ክብደት ለመቀነስ የሞተሩን ቤት ከማግኒዥየም ሠራው። ሞተሩ እያደገ 2.7 ሊትር ሲደርስ፣ በተለይ ከ1974 እስከ 1977 በተሠሩት ላይ፣ ያ ለስላሳ ብረት ሙቀቱን መሸከም አቃተው፤ ሲሊንደሩንና ቴስታታውን አጥብቀው የሚይዙት ረጃጅም ብሎኖች ከነጥርሳቸው እየተነቀሉ ይወጡ ጀመር። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ቀዳዳዎቹ ተበስተው የብረት ጥርስ ይገባባቸዋል። በ1978 የመጣው ኤስሲ የተባለው ሞዴል ወደ አሉሚኒየም ተመልሶ ይህን ችግር ቢገላገልም፣ የእሱ ብሎኖች ደግሞ በዕድሜ ብዛት ይሰበራሉ። የካቴና መወጠሪያው እስከ 1983 ድረስ ሳይታሰብ የሚከዳ ዕቃ ነበር፤ ከ1984ቱ የካሬራ ሞዴል ጀምሮ በሞተሩ ዘይት ግፊት እንዲሠራ ተደረገ፤ አዲሱን በአሮጌዎቹ ላይ መግጠም ይቻላል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለመካኒክ አይደለም። አዋቂ ገዢ የ1976 መኪና ሲያይ የሚጠይቀው ብሎኖቹ ጥርስ ገብቶላቸው እንደሆነ ነው፤ የ1980 ሲያይ ደግሞ የመወጠሪያውን ነገር። በሳሙና ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ሞተር ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ቀኑና የተቀየረው ዕቃ የተጻፈበት የጋራዥ ደረሰኝ ግን አለው።

ስለ ዝገት የሚወራውም እንዲሁ ግማሽ እውነት ነው። ከ1976 ሞዴል ጀምሮ የ911 ቦዲ ሙሉ በሙሉ ዚንክ በተለበጠ ላሜራ መሠራቱ ልክ ነው፤ «ስለዚህ አትዝግም» የሚለው ግን አይከተልም። ዚንክ ዝገትን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። መኪናዋ ተጋጭታ ላሜራዋ በብየዳ ከተቀጠለ ደግሞ እሳቱ በነካው ቦታ ሁሉ ዚንኩ ተቃጥሎ ጠፍቷል። ልምድ ያለው መርማሪ መኪና ሲያይ መጀመሪያ ቀለሙን አያደንቅም። የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ምንጣፉን ያነሳል፤ ባትሪው የሚቀመጥበትንና የነዳጅ ታንኩ የተኛበትን ብረት ያያል። የመስታወቱን ጎሚኒ ጥግ በጣቱ ጫን ይላል። ከዚያ ተንበርክኮ ከበሩ ሥር ያለውን ወፍራም ብረት እስከ ኋላው ጎማ ድረስ ይዳብሳል። ፋብሪካው ላሜራ ከላሜራ ያጣበቀባቸው ክብ ክብ ነጥቦች፣ እኩል ተራርቀው፣ ከበሩ ጎሚኒ ሥር መገኘት አለባቸው። በቦታቸው ለስላሳ ነገር ከተገኘ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ፤ ከስቱኮውም ሥር ምናልባት ብረት የለም። የቀለም ውፍረት የሚለካው ትንሽ መሣሪያ ይህን በቁጥር ይናገራል፦ የፋብሪካ ቀለም ባብዛኛው ከ100 እስከ 200 ማይክሮን ውስጥ ሲሆን፣ በስቱኮ የተሞላ ቦታ የዚህን ብዙ እጥፍ ያሳያል። እንግዲህ ለሽያጭ ተብሎ የተቀባ ቀለም ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፦ አንድ ጊዜ ቀቢው ሲከፈል፣ ሌላ ጊዜ ገዢው «ምን ሸፍነህ ነው?» ብሎ ዋጋ ሲያወርድ።

ከሁሉ የከበደው ተረት ወደሚገኝበት ደረስን፦ የታደሰች መኪና ካልታደሰችው ትበልጣለች የሚለው። በአሜሪካ የአንድ 911 ሞተር ሙሉ እድሳት ብቻውን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይበላል። እስከ ባዶ ብረት ተፍቆ የሚቀባ ቀለም ከዚያ አይርቅም። ካምቢዮው፣ ፍሬኑ፣ ወንበሩ፣ ጎሚኒው ሲደመር በብዛት የተሠራች የሰማንያዎቹ ካሬራ ከምታወጣው በላይ ሊሄድ ይችላል። ወጪውን የሚችሉት ጥቂት ብርቅ ሞዴሎች ናቸው። በሌላ በኩል፣ ቀለሟ እዚህም እዚያም የተጫረ፣ ወንበሯ የተሸበሸበ፣ ግን ሁሉም ነገሯ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለች መኪና ከታደሰችው እህቷ በላይ ስትሸጥ ይታያል። ይህ የሀብታም ቅብጠት የሚመስለው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚገዛን ሰው ይስማ፤ ቶሎ ከሚወጡት ጥያቄዎች አንዱ «የፋብሪካ ቀለሟ ናት ወይስ ተቀብታለች?» ነው። ያልተነካ ቀለም የመኪናዋ ምስክር ነው። ግጭት እንዳልነበረ፣ ላሜራ እንዳልተቀየረ ይናገራል። ቀለሙ ሲፋቅ ምስክሩ አብሮ ይፋቃል፤ በቦታው የሚተካው የአዳሹ ቃል ብቻ ነው።

«ታዲያ የዛገችው ዝም ተብላ ትበስብስ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ወለሉ የተበሳ፣ ሞተሩ የተነከሰ መኪና ላይ የሚጠበቅ ምስክር የለም፤ ማደስ ያድናታል። ክርክሬ ከማደስ ጋር አይደለም። ማደስ በራሱ ዋጋ ይፈጥራል ከሚለው እምነት ጋር ነው። የዛገችውም ብትሆን ዋጋ የምታገኘው እያንዳንዱ ደረጃ በፎቶ ከተያዘ ነው፦ ዝገቱ ሳይቆረጥ፣ ከተቆረጠ በኋላ፣ አዲሱ ላሜራ ሲበየድ፣ ቀለም ከመግባቱ በፊት። ብዙ አዳሾች የሚያሳዩት የመጨረሻውን ፎቶ ነው፤ ገዢን የሚያሳምነው ግን የመሃሉ አስቀያሚ ፎቶ ነው።

መኪናን በራስ ፍላጎት ስለመለወጥ የሚወሩት ተረቶች ደግሞ ሁለት ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም ይጣላሉ። አንዱ «ከፋብሪካ የወጣውን የነካ ዋጋዋን ገደለ» ይላል። ሌላው ሲንገርን ይጠቅሳል። ሮብ ዲኪንሰን በ2009 በካሊፎርኒያ የመሠረተው ይህ ድርጅት ደንበኛው የሚያመጣትን 964 የተባለችውን 911 እስከ አጥንቷ ፈትቶ፣ የካርቦን ፋይበር አካል አልብሶ፣ ሞተሯን ከልሶ ይመልሳል፤ ዋጋውም ከአዲስ 911 እጅግ የራቀ ነው። «እነሱ ለውጠው ከሸጡ እኔስ?» የሚለው ሰው ግን የሚሸጠው የለውጡ ሥራ ብቻ መስሎታል። የሲንገርን መኪና የሚገዛ ሰው ማን እንደሠራት፣ በምን እንደተሠራች፣ ከየትኛዋ መኪና እንደተነሳች ያውቃል። የጀርመኑ ሩፍ ነገሩን ከዚህም አርቆታል፤ በ1981 በመኪና አምራችነት ስለታወቀ፣ ከባዶ ቦዲ ተነስቶ በራሱ የሻንሲ ቁጥር መኪና ይሠራል፤ በ1987 የወጣችውና በሰዓት ከ330 ኪሎ ሜትር በላይ የበረረችው ቢጫዋ ሲቲአር ዛሬ በራሷ ስም የምትፈለግ ናት። እዚህ ላይ ለውጡ ሰነድ አለው፤ ያ ሰነድ ነው የሚሸጠው። ስሙ ያልታወቀ ጋራዥ በፋይበርግላስ ያሰፋት መኪና ያው መልክ ቢኖራትም ከኋላዋ የሚቆም የለም።

ከሰነዱ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው መለኪያ ለውጡ ወደ ቀድሞው መመለስ መቻሉ ነው። ከ1974 ጀምሮ በአሜሪካ የግጭት ደንብ ምክንያት 911 ወፈር ያለ ፓራውልትና አጠር ያለ የፊት ኮፈን ኖራት፤ ብዙ ሰው የሚወደው ግን የቀደመውን ረጅም ኮፈን ነው። የሰማንያዎቹን መኪና የሰባዎቹ መጀመሪያ ለማስመሰል ሲፈለግ ወንበር፣ ጎማ፣ መሪና መብራት በብሎን የሚፈቱና የሚታሰሩ ናቸው፤ የሚቀጥለው ባለቤት ይመልሳቸዋል። ረጅሙን ኮፈን ለመግጠም ግን የፊቱ ብረት ይቆረጣል። ከዚያ ወዲያ ለመኪናዋ የቀሩት ገዢዎች የአዳሹን ምርጫ የሚጋሩት ብቻ ናቸው። ምርጫው ያማረ ሊሆን ይችላል፤ በግሌ የረጅሙን ኮፈን ውበት የሚክድ ሰው ይገርመኛል። ለሽያጭ የሚሠራ ሰው ግን የሚያየው ውበቱን ብቻ ሳይሆን የቀረውን የገዢ ብዛትም ነው።

ማስመሰል ወደ ማጭበርበር የሚሻገርበት መስመርም ቅርብ ነው። የ1973ቱ ካሬራ አርኤስ 2.7 ለውድድር ፈቃድ 500 መኪና ብቻ ተፈልጎ 1,580 ተሠራ፤ 210 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከኋላ የዳክዬ ጭራ የመሰለ ክንፍ አለው። ቦዲው ከተራው 911 ብዙ ስለማይርቅ የእሱ ቅጂ መሥራት አይከብድም፤ ቅጂ ነው ተብሎ ከተሸጠም ነውር የለበትም፤ ማጭበርበር የሚሆነው እንደ ዋናው ሲሸጥ ነው። «ቁጥሯ ይገጥማል» የሚለው ማረጋገጫም ከሚገባው በላይ ይታመናል። ትርጉሙ የሞተሩ ቁጥር ፋብሪካው ለዚያች ሻንሲ ከመዘገበው ጋር አንድ ነው ማለት ብቻ ነው፤ ሞተሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ቁጥር ደግሞ ተፍቆ እንደገና ሊመታ ይችላል። የኮሜዲያኑ ጄሪ ሳይንፌልድ ጉዳይ ትምህርት ነው፦ በ2016 በአሜሪካ ጨረታ የሸጣት የ1958 ፖርሽ 356 ስፒድስተር 1.54 ሚሊዮን ዶላር አወጣች፤ በ2019 ገዢው «መኪናዋ እንደተባለችው እውነተኛ አይደለችም» ብሎ ከሰሰው፤ ሳይንፌልድም በተራው መኪናዋን የሸጠለትን ነጋዴ ከሰሰ። ስመ ጥር ሻጭና ታዋቂ ጨረታ እንኳን ከጥርጣሬ አያድኑም ማለት ነው።

ዝቅተኛ ኪሎ ሜትርም ብቻውን ብዙ አይናገርም። በቀደሙት ሞዴሎች ቆጣሪው አምስት አሃዝ ስለሆነ 100,000 ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል። በእውነት የቆመች መኪና ብትሆንም ጎሚኒዎቿ ደርቀው፣ የነዳጅ ቱቦዋ ተሰነጣጥቆ ይጠብቃል። ጎማው ላይ የታተሙት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ስለሚናገሩ ጥርሱ ያላለቀው ጎማ ዕድሜው ሲታወቅ አንዳንዴ ያስደነግጣል።

«ይህ ሁሉ የሰብሳቢዎች ጣጣ ነው፤ ተራው ገዢ መንዳት ነው የሚፈልገው» የሚለው ተቃውሞ ይቀራል። እውነት ነው፣ ለመንዳት የሚገዛ ሰው ስለ ሞተር ቁጥር እንቅልፍ አያጣም። ነገር ግን ቁጠባውን ያፈሰሰው እሱ ነው፤ ከወር በኋላ የካቴና መወጠሪያ ቢከዳው ሌላ መኪና የለውም። ለእሱም ቢሆን ከአዲሱ ቀለም የተሻለ ዋስትና የሚሆነው ደረሰኙ ነው። ስለዚህ ሁለት ማስታወቂያ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አንዱ «ሙሉ በሙሉ የታደሰች፣ እንደ አዲስ» ቢል፣ ሌላው ደግሞ «የ1986 ካሬራ፤ የ1973 መልክ የተሰጣት፤ አርኤስ አይደለችም፤ የፊት ብረቷ አልተቆረጠም፤ የወለቁት የፋብሪካ ፓራውልቶችና ወንበሮች አብረው ይሸጣሉ፤ የሞተር እድሳት ደረሰኝና ፎቶ አለ» ቢል፣ የመጀመሪያው ሻጭ ለሚመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ገና መልስ ሊፈልግ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ዋጋ ብቻ ነው የሚነጋገረው።