በሻጋታ ላይ የሚኖር ሻጋታ

ባለፈው ጥር አንድ ተማሪያችን አጋሮ አጠገብ ካለው የአባቱ ማሳ ሁለት ነገሮች በደብተሩ መካከል አድርጎ አመጣልን። አንደኛው ከጥላ ዛፍ የተላጠ ግራጫ የዛፍ ሽበት፣ ሁለተኛው ጀርባው ላይ ብርቱካናማ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል የቡና ቅጠል ነው። «ኡስታዝ፣ አባቴ ሁለቱም በሽታ ናቸው ብሎ የጥላ ዛፎቹን ሊቆርጣቸው ነው» አለን።

የመጀመሪያው በሽታ አይደለም። በትምህርት ቤት «ላይከን» ብለን የሸመደድነው ይኸው ነው፤ ፈንገስና አልጌ አንድ ቤት ሠርተው የሚኖሩበት። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል፤ ፈንገሱ ያስጠልለዋል። ከዛፉ የሚፈልጉት መቀመጫ ብቻ ነው። የሚያስገርመው ግን በዚህ ቤት ላይ የሚሰፍሩ ሌሎች ፈንገሶች መኖራቸው ነው። እስከ ዛሬ ከ2000 የሚበልጡ ዝርያዎቻቸው ታውቀዋል። አንዳንዱ እንግዳ ባለቤቱን ሳይጎዳ ይኖራል፤ አንዳንዱ አንጥቶ ይገድለዋል።

ሁለተኛው ግን እውነተኛ በሽታ ነው፤ የቡና ቅጠል ዋግ። እርሱም ፈንገስ ነው። የያኔዋ ሴሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ እ.ኤ.አ. ከ1869 ወዲህ ቡናዋን በዚህ ዋግ አጥታ ወደ ሻይ ዞራለች። በእኛ አገር ቡናና ዋግ አብረው የኖሩ በመሆናቸው ጉዳቱ ያን ያህል አልሆነም።

ለዋጉም ቢሆን በላዩ የሚሰፍርበት አለ። በብርቱካናማው ዱቄት ላይ እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ የሚያድግ፣ ሌካኒሲሊየም የተባለ ሻጋታ ነው። ቡና የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳትንም ያጠቃል። በየነ ዘውዴና የኢትዮጵያና የስዊድን ባልደረቦቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ60 የቡና ቦታዎች ሦስት ዓመት ተመላልሰው ያዩትን እ.ኤ.አ. በ2021 አሳትመዋል። ዋጉ በበጋ ይበረታል፤ ነጩ ሻጋታ በክረምት። ማሳው በተመነጠረና በተገራ ቁጥር ዋጉ ሲበዛ ነጩ ሻጋታ ያንሳል። ክረምት ላይ ነጩ በርክቶ ከነበረም ዋጉ በበጋ የሚስፋፋው ቀስ ብሎ ነው።

ከዙህር በኋላ ይህንኑ ለአባትየው አጫወትናቸው። ሰውየው ሞኝ አይደሉም፤ ጥላ ሲሳሳ ቡና ብዙ እንደሚያፈራ በዓይናቸው አይተዋል፤ የአራት ልጆች ወጪም አለባቸው። «ሻጋታችሁ ደብተር ይገዛልን?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ከቤቱ አጠገብ ያሉትን ሁለት ሰሳዎች ቆረጡ፤ በወንዙ በኩል ያሉትን «እስኪ ክረምቱን እንይ» ብለው ተዉአቸው።

ነሐሴ ላይ ልጁ ቁርኣን ሊቀራ መድረሳ ሲመጣ ከወንዙ በኩል የተቀጠፈ ቅጠል ይዞ ነበር። ብርቱካናማው ነጥብ መሐሉ ላይ ነጭ ለብሷል። አባትየው ራሳቸው ናቸው አይተው የላኩት።