ጠብመንጃ ወይስ በርበሬ?
ከአላስካ ድብ እስከ ጎጃም ጅብ

የመኸር ሰብል ታጭዶ በአውድማ ላይ በሚከመርበት በታኅሣሥና በጥር ወራት፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ብዙ ገበሬዎች ሌሊቱን የሚያሳልፉት ከቤታቸው ውጭ፣ ከክምራቸው ሥር ነው። ጋቢውን ተከናንቦ በገለባ ላይ ጋደም ያለ ሰው፣ ከጎኑ ዱላ ወይም ጠብመንጃ፣ ከእግሩ ሥር ውሻ፤ ከገጠር ለመጣ ተማሪ ይህ እንግዳ ሥዕል አይደለም። ጅብ ከሩቅ ሲጮህ የሰውየው እጅ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደየትኛው ነው? ሊዘረጋ የሚገባውስ ወደየትኛው ነው? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በሰፊው የተጠናው በጅብ ሳይሆን በድብ ላይ ነው። ድብ በአገራችን የለም፤ በአፍሪካም ቢሆን በሰሜን፣ በአትላስ ተራሮች ይኖር የነበረው ዝርያ ከጠፋ ወዲህ የዱር ድብ አይገኝም። በሰሜን አሜሪካ ግን ወደ ጫካ የሚገባ ሰው ሁሉ ከጉዞው በፊት አንድ ነገር ይወስናል፦ ጠብመንጃ ልያዝ ወይስ በርበሬ? በርበሬ ስንል የወጡን ዱቄት ማለታችን አይደለም። ከበርበሬ የተጨመቀ ቅባት መሰል ውሕድ በጋዝ ግፊት ከታመቀበት ቆርቆሮ እንደ ጉም እየተረጨ የሚወጣበትን መከላከያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኬሪ ሃንት የተባለች ተመራማሪ በሞንታና ዩኒቨርሲቲ በድቦች ላይ ከሞከረችው በኋላ ለገበያ የበቃ ነው።

የአላስካው መዝገብ

ቶም ስሚዝና ስቲቨን ሄሬሮ የተባሉ የድብ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን ሁለት ጥናቶችን አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የመጀመሪያው፣ ከ1985 እስከ 2006 ድረስ በአላስካ በርበሬ የተረጨባቸውን 83 አጋጣሚዎች መረመረ። ርጭቱ ቡናማ ድቦችን በ92 በመቶ፣ ጥቁር ድቦችን በ90 በመቶ አጋጣሚዎች ከያዙት ድርጊት አስቁሟቸዋል። በቅርብ ርቀት ከድብ ጋር ከተገናኙት ቆርቆሮውን የያዙ ሰዎች መካከልም 98 በመቶው ሳይጎዱ ተመልሰዋል። ሁለተኛው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። እርሱ ደግሞ ከ1883 እስከ 2009 ድረስ ጠብመንጃና ሽጉጥ የተያዘባቸውን 269 ግጭቶች ተመለከተ። ሽጉጥ በ84 በመቶ፣ ረጅም ጠብመንጃ በ76 በመቶ ድቡን ማስቆም ችሏል። ከዚህ ይልቅ ብዙዎችን ያስገረመው ግን ሌላ ውጤት ነበር፤ መሣሪያቸውን በተኮሱትና ይዘው ባልተኮሱት ሰዎች መካከል በደረሰው ጉዳት መጠን ልዩነት አልታየም።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «በርበሬ 92፣ ጠብመንጃ 76» ብሎ መፍረድ ግን የሳይንስ ተማሪ ሊጠነቀቅለት የሚገባ ስሕተት ነው። በበርበሬው መዝገብ ውስጥ ለማጥቃት ያልመጡ፣ ምግብ ሸትቷቸው ብቻ የተጠጉ ድቦች ተካተዋል። በጠብመንጃው መዝገብ የገቡት ደግሞ በአመዛኙ ወደ ከፋ ግጭት የደረሱት ናቸው፤ አንድ አዳኝ ወደ ሰማይ ተኩሶ ድቡ ዘወር ቢል ለማንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ይሄዳልና። ሁለቱ ናሙናዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ስለዚህ እኛ ከጥናቶቹ የምንወስደው መቶኛውን ሳይሆን ጠብመንጃው ያልሠራው በምን ምክንያት እንደሆነ የሚገልጸውን ክፍል ነው፦ ጊዜ አልበቃም፣ ጥይቱ ሳተ፣ መሣሪያው ነከሰ፣ አውሬው ከመጠን በላይ ቀርቦ ነበር። ለእነዚህ ችግሮች አላስካም ጎጃምም አንድ ናቸው።

ሁለት ሰከንድ

ቀላል ስሌት እንሥራ። ጅብ በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ነው። ከ30 ሜትር ርቀት ተነሥቶ ሰው ዘንድ ለመድረስ ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም። በእነዚህ ሁለት ሰከንዶች ውስጥ ከእንቅልፉ የባነነ ሰው ጠብመንጃውን ማንሣት፣ ማቀባበል፣ ሰደፉን ትከሻው ላይ ማስደገፍ፣ በጨለማ ማነጣጠርና ቃታ መሳብ ይኖርበታል። በዚያ ላይ በድንጋጤ ጊዜ ወደ ደም የሚለቀቀው አድሬናሊን የልብ ምትን ሲያፈጥን እጅን ያንቀጠቅጣል። ጅቡ ደግሞ ባለበት የሚቆም ዒላማ አይደለም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው የአበው አነጋገር ለብዙ የሌሊት ተኩስም ይሠራል።

የርጭቱ ጥቅም የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ጥይት ማለፍ የሚችለው በአንዲት መስመር ብቻ ነው፤ ለጥቂት የሳተም ቢሆን ያው ስቷል። ርጭቱ ግን እየሰፋ የሚሄድ ደመና ነው፤ ማነጣጠሩ ትንሽ ቢዛነፍም አውሬው ራሱ ሮጦ ይገባበታል። በሌላ አነጋገር በርበሬው የሚሻለው ከጥይት የበለጠ ኃይል ስላለው ሳይሆን የተጠቃሚውን ስሕተት ስለሚሸከም ነው።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ደመናው ውጤታማ የሚሆነው ከ7 እስከ 9 ሜትር ባለው ርቀት ሲሆን ቆርቆሮውም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ባዶ ይሆናል። በ2008ቱ ጥናት ከአጋጣሚዎቹ በ14 በመቶው ርጭቱ ለተጠቃሚው ራሱ ተርፎታል፤ አንዳንዱን ዓይኑን ብቻ ሲያቃጥለው ሌላውን ለጊዜው አቅም አሳጥቶታል። በእኛ አገር ሁኔታ ሲታይ ደግሞ ሌላም ነገር ይጨመራል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ ጮቄ ስንወጣ ቅዝቃዜው ይበረታል፤ ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ስለሚቀንስ ሌሊቱን ደጅ ያደረ ቆርቆሮ ርጭቱን እንደ ወትሮው አርቆ አይወረውርም። የደጋው ነፋስ ፊት ለፊት ሲነፍስስ? መልሱን ሽሮ በሚነኮርበት ማድ ቤት አጠገብ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

በርበሬ ለምን ያቃጥላል?

የቡሬና የፍኖተ ሰላም በርበሬ ከምድጃ አጠገብ የሚያስነጥሰን ካፕሳይሲን በተባለ ሞለኪውል ምክንያት ነው። በሕዋስ ቆዳ ላይ ያለ አንድ የስሜት በር አለ፤ ተመራማሪዎች ቲ አር ፒ ቪ 1 ይሉታል። ይህ በር በተፈጥሮው የሚከፈተው የሙቀቱ መጠን 43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ነው። ሥራውም «እሳት ነካኝ» የሚል መልእክት ወደ አንጎል መላክ ነው። ካፕሳይሲን በሩ ላይ ሲጣበቅ ግን በመደበኛው የሰውነት ሙቀትም ይከፈታል። ስለዚህ ምንም ሳይቃጠል አንጎል «ተቃጠልሁ» ይላል፤ ዓይን ያለቅሳል፣ ይጨፈናል፣ መተንፈሻ ይጠባል። ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን በር ከነዘረ መሉ ለይቶ በማሳወቁ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

በሩ በድብም፣ በጅብም፣ በውሻም፣ በሰውም ዘንድ አለ፤ ሁሉም አጥቢዎች ናቸውና። አእዋፍ ግን ያላቸው ዓይነት ካፕሳይሲንን አይሰማም። የበርበሬ ተክል ከዚህ ተጠቃሚ ነው፦ ፍሬውን የሚያኝኩትን አጥቢዎች ያባርራል፣ ሳያኝኩ ውጠው ዘሩን በሩቅ የሚጥሉለትን ወፎች ግን አይነካም። (ዛሬ ያለ እርሱ ወጥ የማይታሰበው ይህ ተክል ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እንግዳ መሆኑንም በዚሁ እናስታውሳለን።)

እንግዲያው አንድ እፍኝ በርበሬ በኪስ ይዞ ጅቡ ላይ መበተን አይበቃም ወይ? አይበቃም። የተፈጨ በርበሬ ቅንጣቱ ትልቅ በመሆኑ ሩቅ ሳይሄድ ይወድቃል፤ ነፋስ ካለም ወደ በታኙ ይመለሳል። በቆርቆሮ ያለው ግን የካፕሳይሲን መጠኑ ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ የሆነ፣ በጣም ደቃቅ ወደሆኑ ጠብታዎች የሚከፋፈል ውሕድ ነው። በቤት ውስጥ ለመቀመም የሚሞክር ሰው ቢኖር ከጅቡ በፊት የራሱን ዓይን እንደሚጎዳ እናስጠነቅቃለን። ካፕሳይሲን በውኃ ስለማይሟሟ በውኃ ብቻ መታጠብም ቶሎ አያስታግሰውም።

በርበሬን በሌላ መንገድ የተጠቀሙበት አፍሪካውያን አሉ። በዚምባብዌ ገበሬዎች በርበሬን ከዝሆን ፋንድያ ጋር አቡክተው እንደ ጡብ ያደርቁና በማሳቸው ዳር ያጤሱታል፤ ጭሱ ዝሆኖችን ከበቆሎ ማሳ ያርቃል። ያለ ቆርቆሮና ያለ ጋዝ የሚሠራ በመሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ዘዴ ነው።

ያመለጠ ጥይት የት ይሄዳል?

የክላሽንኮቭ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይምዘገዘጋል። 8 ግራም ገደማ ክብደት ያለው ይህ እርሳስና ብረት በዚያ ፍጥነት 2,000 ጁል ያህል ጉልበት ይይዛል። ዒላማውን ከሳተ በኋላ ብዙ መቶ ሜትሮችን ተጉዞም ሰው ሊገድል ይችላል። የጎጃም ደጋ ደግሞ ባዶ ምድር አይደለም፤ ከአንዱ አውድማ ባሻገር የሌላው ጎጆ፣ ከዚያ ባሻገር ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም ሌላ አውድማ ላይ የተኛ ጎረቤት አለ። ወደ ሰማይ የተተኮሰውም ቢሆን የሆነ ቦታ ተመልሶ መውረዱ አይቀርም። የሳተ ርጭት ዋጋው የጥቂት ደቂቃ ሳል ነው፤ የሳተ ጥይት ግን ዋጋው የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

በጎጃም ጠብመንጃ ከመሣሪያነቱ በላይ ትርጉም እንዳለው አንዘነጋም። ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ በሠርግና በለቅሶ ይታያል፤ ለመግዛትም የአንድ ጥንድ በሬ ዋጋና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ እኛ የምንጠይቀው «ለክብር ምን ይጠቅማል?» ብለን ሳይሆን «ለጅብ ምን ይጠቅማል?» ብለን ነው። ሕጉም አለ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድን ግድ ያደርጋል፤ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ አደንን በፈቃድ ይገድባል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ የሌሊት ተኩስ «ጅብ ነው» ተብሎ ብቻ የሚታለፍ ድምፅ አይደለም። የሰማው ጎረቤት በሩን ሊዘጋ ይችላል፤ መልሶ ሊተኩስም ይችላል።

በእጃችን ያለው

የድብ መከላከያው ቆርቆሮ በደብረ ማርቆስ ገበያ እንደ ሻማና ክብሪት የሚገኝ ነገር አይደለም። ደግሞም ጅብ ድብ አይደለም። ድብ አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚያጠቃው ድንገት ሲደርሱበት ወይም ለግልገሉ ሲሰጋ ነው። ጅብ ግን የሚመጣው በሌሊት፣ ምግብ ፍለጋ፣ እያደባ ነው፤ የሚመርጠውም የተኛውን፣ ሕፃኑን፣ የታመመውንና ደጅ ያደረውን አህያ ነው። ቆሞ የሚጮህና የማይሸሽ ሰው ሲያጋጥመው በብዛት ወደ ኋላ ይላል። ይህ ልዩነት ጥያቄውን ራሱን ይለውጠዋል፤ ጅቡ አጠገባችን ከደረሰ በኋላ በምን እንምታው ከማለት ይልቅ እንዳይደርስ ምን እናድርግ ማለት ይቀድማል።

የቀጋና የአጋም እሾህ አጥር በጥንቃቄ ከታጠረና ከሥሩ በድንጋይ ከተደገፈ ጅቡ ፈልፍሎ እንዳይገባ ያግዳል። ከሥሩ ክፍት የሆነ አጥር ግን ከብቱን ከመውጣት እንጂ ጅቡን ከመግባት አያግደውም። ውሻ ጅብን ታግሎ አይጥልም፤ ሥራው ቀድሞ ማሽተትና መጮህ ነው፤ ያቺን ሁለት ሰከንድ ወደ ሁለት ደቂቃ የሚያሳድጋት እርሱ ነው። የእጅ ባትሪ የጅቡን ዓይን ያስበራል፤ ከዓይኑ በስተኋላ ብርሃንን የሚመልስ ሽፋን ስላለ ስንት እንደሆኑና በየት በኩል እንደቆሙ ቆጥሮ ማወቅ ይቻላል። ሁለት ሆኖ ማደር፣ በየተራ መንቃት፣ ልጅን አውድማ ላይ አለማስተኛት፤ ለእነዚህ አንድም ብር አይወጣም። መሮጥ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ስሌቱን ከላይ ሠርተነዋል።

ከሁሉ የሚዘነጋው የጥምብ ጉዳይ ነው። የሞተን አህያ ከመንደር ዳር ጎትቶ መጣል ጅቡን እንደ መጋበዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በትግራይ በውቅሮ አካባቢ የተካሄደ ጥናት በጅብ ኵስ ውስጥ የተገኙ ፀጉሮችን መርምሮ ነበር። ከዐቢይ ጾም በፊት የአህያ ፀጉር 14.8 በመቶ የነበረው በጾሙ ወቅት ወደ 33.1 በመቶ አደገ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። ሰዎች ሥጋ ሲያቆሙ ከየቤቱ የሚጣለው አጥንት ስለሚጠፋ ጅቡ ወደ ሕይወት ያላቸው አህዮች ይዞራል ማለት ነው። እንግዲህ ሁዳዴ ለገበሬው የጾም ብቻ ሳይሆን በረት የሚጠበቅበት ወቅት ነው።

ጅብን ጨርሶ ማጥፋትም ጥያቄውን አይዘጋውም። እ.ኤ.አ. በ2021 በመቀሌ ላይ የወጣ ጥናት ጅቦች በከተማይቱ ዙሪያ በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ጥምብ እንደሚያነሡና በዚህም አባ ሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን እንደሚቀንሱ አስልቷል። የሐረር ሰዎች በግንባቸው ሥር ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ የተዉት ያለ ምክንያት አይደለም።

በመጨረሻ፣ የትኛውም መከላከያ ሳይሠራ ቀርቶ ጅብ ሰውን ቢነክስ ጊዜው ቁስሉን ከመፈወስ በላይ ያሳስባል። በተለይ በቀን ብርሃን ያለ ፍርሃት ወደ ሰው የመጣ፣ የሚንገዳገድ ወይም ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ጅብ በእብድ ውሻ በሽታ ሊያዝ ይችላል። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ቅጠል ወይም በርበሬ አለመነስነስ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን መጀመር ያስፈልጋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ገዳይ ነው፤ ቁስሉ ደርቆ፣ ሰውየው ወደ ማሳው ከተመለሰ ሳምንታት ወይም ወራት በኋላም ቢሆን።