«ይፍቱኝ»፤ ስለ ንስሓና ካለፈ በደል ስለ መፈታት

በአዊ አገር ከዳንግላ እስከ እንጅባራ፣ በጥርባም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ደብር፣ ምእመን ካህን ባገኘ ጊዜ ጎንበስ ብሎ «ይፍቱኝ» ይላል፤ ካህኑም በመስቀሉ ባርኮ «እግዚአብሔር ይፍታሕ» ሲል ይመልሳል። ይህ ቃል ከሰላምታ የማይለይ ቢመስልም፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስለ ኀጢአት ስርየት ያላትን ትምህርት በአጭሩ የያዘ ነው።

«ፈትሐ» የሚለው የግእዝ ግስ ሁለት ትርጓሜ አለው፤ አንደኛው የታሰረውን ለቀቀ፣ ሁለተኛው ዳኘ፣ ፈረደ ማለት ነው። ስለዚህ የዳኛው ፍትሕና የካህኑ ፍትሐት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። በ13ኛው መቶ ዓመት ኢብን አል አሳል በግብፅ በዓረብኛ ካሰናዳው መጽሐፍ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ሁለቱን አጣምሮ ይገኛል፤ ከ51 አንቀጾቹ 22ቱ ስለ መንፈሳዊ፣ 29ኙ ስለ ሥጋዊ ሥርዓት የሚናገሩ ናቸውና። በዚህ አስተሳሰብ ይቅርታ ፍርድን አይሽርም፤ በፍርድ በኩል ያልፋል እንጂ። ተሸፍኖ የቀረ በደል ይረሳ ይሆናል፤ ተፈታ ግን አይባልም።

«ኑዛዜ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። በግእዝ «ናዘዘ» ማለት አጽናና ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ተናዘዘ የሚባለው ኀጢአቱን ለካህን የገለጠ፣ ወይም ስለ ንብረቱ ለወራሾቹ ቃሉን የሰጠ ሰው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቃሉን በዚህ በኋለኛው ትርጉም ይዞታል። በሁለቱም ዘንድ ሰው ዕዳውን አስታውቆ፣ የተሸከመውን አራግፎ ይጽናናል።

ሥርዓቱን የሚፈጽመው የነፍስ አባት ነው። የሰማውን በምሥጢር ጠብቆ፣ የተናዛዡን ዕድሜ፣ አቅምና የበደሉን ክብደት መዝኖ ቀኖና ይሰጣል፤ ይኸውም ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደትና ምጽዋት ነው። የሰው ገንዘብ የወሰደ ይመልሳል፤ ከባልንጀራው የተጣላ አስቀድሞ ይታረቃል። በዚህ ስፍራ የነፍስ አባት ሥራና የሽማግሌዎች እርቅ ይገናኛሉ። ቀኖናውን ለፈጸመው የቁርባን በር ይከፈትለታል።

የመፈታትን ዋጋ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው ሰሙነ ሕማማት ነው። ሳምንቱ ከክርስቶስ በፊት የነበረውን የ5500 ዘመን ፍዳ ስለሚያስብ፣ ኑዛዜ አይሰጥም፣ ፍትሐት አይደረግም፣ መስቀልም አይሳለሙም። በእነዚያ ቀኖች ለሚሞቱት ፍትሐቱ በሆሣዕና ዕለት አስቀድሞ ይጸለያል። ምእመኑ ዓርብ ስቅለት ሲሰግድ ውሎ ወደ ማታ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ይጠበጥቡታል፤ ስግደትም ያዝዙታል፤ ከዚያም ተባርኮ ወደ ቤቱ ይገባል። ሳምንቱን ሙሉ «ይፍቱኝ» ማለት ያልተቻለው ሰው የቃሉን ክብደት በሥጋው ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ብዙ ጎልማሶች አልበቃንም በማለት ከቁርባን ርቀው፣ ንስሓን ለእርጅና ሲያቈዩት ይታያል። ይህ ትሕትና ቢመስልም ከሥርዓቱ አሳብ ጋር አይስማማም። ጴጥሮስም ይሁዳም በአንድ ሌሊት በድለዋል፤ ሁለቱም ተጸጽተዋል። የለያቸው የበደሉ መጠን ሳይሆን፣ አንዱ አልቅሶ ሲመለስ ሌላው ተስፋ መቍረጡ ነው። ንስሓ የሚጠይቀው የበደለው ሰው በደሉን እንዲክድ ወይም ዕድሜውን ሁሉ ታስሮበት እንዲኖር አይደለም፤ ተናግሮ፣ ክሶ፣ ተፈትቶ እንዲሄድ ነው።