በሾቺሚልኮ የቦይ ዳር እርሻና የምግብ ጉብኝት ንግድ

በሜክሲኮ ዋና ከተማ ደቡብ፣ በሾቺሚልኮ፣ ገበሬዎች ጭቃና የውሃ ሣር እየደራረቡ ከሐይቅ ውስጥ ያወጡት፣ በቦይ የተከበበ ጠባብ እርሻ አለ። ስሙም ቺናምፓ ይባላል። ተንሳፋፊ የአትክልት ቦታ ነው ሲባል ይሰማል፤ ሆኖም በዳሩ የተተከለው የአኻያ ዛፍ ሥር ከሐይቁ ወለል ጋር አጥብቆ ስለሚይዘው ፈጽሞ አይንሳፈፍም። ሥፍራው በ1987 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

በዚሁ ሥፍራ የምግብ ጉብኝት የሚባል ንግድ ይካሄዳል። እንግዶች በማለዳ በጀልባ ተሳፍረው ወደ እርሻው ይወሰዳሉ። ገበሬው ከቦዩ ሥር ያወጣውን ጭቃ ዘርግቶ፣ ጠፈፍ ሲል በትናንሽ አራት ማዕዘን ቆራርጦ፣ በእያንዳንዱ ላይ ዘር ሲያኖር ያያሉ፤ ሰላጣውንና ፍጅሉን ከመደቡ ነቅለው ከትኩስ የበቆሎ ቂጣ ጋር ይመገባሉ። ከዚያም ወደ ወረዳው ገበያ ያልፋሉ።

ለነጋዴ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ያው ሰላጣ በጅምላ ገበያ ከሌላው ጋር ሲደባለቅ የበቀለበት ሥፍራ ይረሳል፤ ዋጋውም እንደ ማንኛውም ሰላጣ ይሆናል። በእርሻው ላይ ግን በላተኛው አፈሩን በዓይኑ ስላየ ከፍ ያለ ዋጋ ቢጠየቅ አይደንቀውም። ሙዚቀኛ ጭነው የሚንሸራሸሩት ያሸበረቁ ጀልባዎች እንኳ ለገበሬው ይህን ያህል አይጠቅሙም።

ችግሩ ውሃው ነው። የአካባቢው ምንጮች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለከተማው መጠጥ ስለተወሰዱ፣ ዛሬ ቦዮቹን የሚሞላው በአብዛኛው የተጣራ የከተማ ፍሳሽ ነው፤ አስተዋይ ገዢም ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም። ስለሆነም አንዳንድ ገበሬዎች ከብሔራዊው ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብረው ውሃውን በዕፅዋት ማጣሪያ ያሳልፋሉ። ሌሎች ግን እርሻውን ትተው መሬቱን የእግር ኳስ ሜዳ አድርገው ያከራያሉ።